ዋንዛዎቼ ከተመለመሉ በኋላ ቀጠኑ፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፣ ከቡሬ
ከሦስት ክረምት በፊት በጓሮዬ 14 የዋንዛ ችግኝ ተክያለሁ። አምና በጥቅምት የባለቤቴ ወንድም መጣና «የታችኛው ቅርንጫፍ ጉልበቱን ይበላዋል፤ ይገረዝና ሽቅብ ይመዘዝ» ብሎ ዘጠኙን በገጀራ መለመላቸው። ጫፋቸው ላይ ጭብጥ የምታህል ቅጠል ብቻ ነው የቀረችው። በአጥሩ ጥግ ያሉት አምስቱ መሽቶበት ተረፉ። ዘንድሮ የተመለመሉት ሽቅብስ ሄደዋል፤ ግን እንደ ሸምበቆ ቀጥነው የነሐሴ ነፋስ ሦስቱን አጎንብሷቸዋል። ያልተነኩት ከሥራቸው ወፍረው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ለልጆቼ ሳንቃ ይሆናል ብዬ የተከልኩት ነውና ሆዴ ተረብሿል። ጭራሹን አለመግረዝ ይሻላል?

የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ፣ ከዳንግላ
ወንድሜ፣ ጥፋቱ መግረዙ ሳይሆን ብዛቱ ነው። ቅጠል የዛፉ ማጀት ነው። የታችኞቹ ቅርንጫፎች የሚያዘጋጁት ምግብ በአብዛኛው የግንዱን እግርና ሥሩን ያወፍራል። እነሱ ሲነሱ ጫፉ ይሮጣል፣ እግሩ ይራባል።

ለሳንቃ ከሆነ ግን መግረዝህ አይቀርም። ቅርንጫፍ ከዛፉ ጋር ሽቅብ የሚወጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አይወጣም። ዛሬ ደረትህ ላይ ያለው፣ ዛፉ 15 ሜትር ሲደርስም እዚያው ደረትህ ላይ ነው፤ ሳንቃው ውስጥም ጉጥ ይሆናል። ስለዚህ ከታች ጀምረህ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት አንሣ፤ በአንድ ጊዜ ከቅጠሉ ሩብ በላይ አትንካ።

ገጀራውን ደግሞ እባክህ ተወው፤ ቅርፊት ይልጣል። በበጋ፣ በስለታም መጋዝ ቁረጥ። ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚወጣበትን በጣትህ ብትዳስሰው እንደ ቀለበት ያበጠ ዙሪያ ታገኛለህ። ቀለበቱን ሳትነካ ከእሱ ወዲህ ቁረጥ፤ ቁስሉን የሚሸፍነው አዲስ ቅርፊት የሚነሣው ከዚያ ነው። ጉቶም አታስቀር፤ ብስባሽ ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል።

ከደብረ ማርቆስ
የጎበጡትን ከችካል ጋር በሰፊ ጨርቅ ላላ አድርገህ እሰራቸው። እኔ ግራቪሊያዬን በገመድ አጥብቄ አስሬው ገመዱ ቅርፊቱን በልቶት ገባ፤ በክረምቱ ከዚያው ላይ ተሰበረ። ግንድ የሚበረታው ነፋስ ትንሽ ሲያወዛውዘው ነው።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብዬ በክር ለካኋቸው፤ ያልተነካው ዙሪያው 21 ሳንቲ ሜትር፣ የተመለመለው 13። ከተመለመሉት አምስቱ ከታች ለጋ ቀንበጥ አውጥተዋል። ይነሣ ይሆን?

የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ፣ ከዳንግላ
እንዳትነካው! ዘንድሮ ግንዱን የሚቀልበው እሱ ነው። ከጫፉ ጋር የሚሽቀዳደም መንታ ካየህ ብቻ ደካማውን አንሣ።