የ14 ወር ልጄ የመስሚያ መሣሪያዋን እየነቀለች ትጥላለች፤ ምን ላድርግ?

የሚጢ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ በሁለቱም ጆሮዋ መስማት እንደሚቸግራት ያወቅነው በ10 ወሯ ነው። የመስሚያ መሣሪያ ከተደረገላት 3 ወር ሆናት። እኔ አደርጋለሁ፣ እሷ ትነቅላለች። ትናንት አንዱን ጫማ ውስጥ አገኘሁት። ደግሞ ሲጥ ሲጥ እያለ ያፏጫል። አማቴ «ተያት፣ አባቷም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው» ይላሉ። የምልክት ቋንቋ እንጀምር ስል ደግሞ ባለቤቴ «እሱን ከለመደች አትናገርም» ብሎ ይፈራል። ሌሊት ሌሊት አለቅሳለሁ። 10 ወር ሙሉ እሹሩሩ ያልኩት ለማን ነበር?

ባለ ሁለቱ፦
እህቴ፣ የእኛን ያወጣነው ከቆሻሻ ቅርጫት ነው፤ የጫማው ይሻላል። ሲያቅፏት ብቻ ካፏጨ ችግር የለውም። ቀኑን ሙሉ ከሆነ ግን ጆሮዋ ውስጥ የሚገባው ቁራጭ አንሷት ይሆናል። የሕፃን ጆሮ ቶሎ ያድጋል፤ ለእኛ በየ3 ወሩ ገደማ ነበር ልኩ የሚወሰደው። ሲላላ ድምፁ ያመልጥና ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል፤ ፉጨቱ እሱ ነው። ካቆሰላትም ትነቅላለች፣ ምን ታድርግ?
ስትነቅለው አትጩኺ፤ ጨዋታ ይሆንላታል። ዝም ብለሽ መልሺው። ልብሷ ላይ የሚያያዝበት ክር አለ፣ ጠይቂ። የባትሪው ክዳን የሚቆለፍ ይሁን። ባትሪ ከዋጠች ዛሬ ነገ የለም፣ በቀጥታ ሐኪም ቤት!
ጠዋት ጠዋት ከኋላዋ ሆነሽ «አ፣ ኢ፣ ኡ፣ ሽ፣ ስ፣ ም» በያት። የትኛውን እንደምትሰማ ጻፊና ለባለሙያው አሳዪ። እሹሩሩሽም አልባከነም። ደረትሽ ላይ ሆና ንዝረቱ ደርሷታል፣ ፊትሽንም አይታለች።

የአቡሽ አባት፦
ባለቤትሽን እረዳዋለሁ፣ እኔም እንደዛው ነበርኩ። ልጄ የመጀመሪያ ቃሉን በእጁ ተናገረ፤ «ጨምር» ነበር ያለው። በአፉ የመጣው ከወራት በኋላ ነው፣ ምልክቱ አላገደውም። መስማት ከተሳናቸው 10 ልጆች የ9ኙ ወላጆች የሚሰሙ ናቸው፤ ስለዚህ አብዛኞቻችን ከዜሮ ነው የምንጀምረው።
ያስተማረን መስማት የተሳነው ሰው ነው። የመጀመሪያ ቀን ራሱ መኪናውን እየነዳ መጣ፣ በልጆቹ ሲቀልድ አመሸ። እስከዛ ቀን ድረስ የልጄን ነገ ማሰብ ያስፈራኝ ነበር።

የሚጢ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ፉጨቱ ቀኑን ሙሉ ነው፤ ነገ ደውዬ ቀጠሮ እይዛለሁ። አማቴን ግን ማን ያስረዳልኝ?

ባለ ሁለቱ፦
ለምርመራው ይዘሻቸው ሂጂ። እናቴ ያመነችው ድምፅ ሲለቀቅ ልጁ ዞር እንደማይል በዓይኗ ስታይ ነው። አሁን «ባትሪው አልቋል» ብላ የምትደውልልኝ እሷ ናት።