የዎርድ አቋራጮቼን ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ማሻገር አቃተኝ

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ እርዱኝ። ስራዬ ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ መጻፍ ነው። በአሮጌው ላፕቶፕ ዎርድ ላይ ለዓመታት ያጠራቀምኳቸው አቋራጮች አሉ። «ጉዳ» ብዬ ስፔስ ስነካ «ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ» ብሎ ይሞላልኛል። አሁን አዲስ ኮምፒውተር ተሰጠኝ። «ኖርማል» የሚባለውን ቴምፕሌት (ዎርድ አዲስ ሰነድ ሲከፍት የሚነሳበትን ፋይል) በፍላሽ ወስጄ፣ ዎርዱን ዘግቼ ተካሁት። ፎንቱና ህዳጉ እንዳለ መጣ፤ አቋራጮቹ ግን የሉም። «ጉዳ» ጉዳ ሆኖ ቀረ!

አፕዳታ ውስጥ (ያ የሚደበቀው ፎልደር) ኦፊስ በሚለው ስር የስማቸው መጨረሻ «ኤሲኤል» (.acl) የሆኑ ፋይሎች አየሁ። አቋራጮቹ እነሱ ውስጥ ናቸው? ዝም ብዬ ኮፒ ላድርጋቸው ወይስ ስማቸው ላይ ያለው ቁጥር ከአዲሱ ጋር መመሳሰል አለበት? የአሮጌው ስክሪን እየበራ እየጠፋ ነው፤ ቶሎ ድረሱልኝ።