ለከርሞ ልጆቼን ይዤ አዲስ አበባ ልሄድ ነው፤ የዘንድሮውን ካምፒንግ ልተወው?

ጥያቄ (የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ሁለት ልጆች አሉን። ትልቁ ዘንድሮ አራተኛ ክፍልን ይጨርሳል፣ ትንሿ አምስት ዓመቷ ነው። ሁለቱም የተወለዱት እዚሁ አሜሪካ ነው፤ አያታቸውን የሚያውቋት በስልክ ብቻ ነው። እናቴ ሽሮ ሜዳ ነው የምትኖረው፤ ዕድሜዋም እየገፋ ነው። ስለዚህ ለከርሞ ሐምሌ አራታችንም ለአንድ ወር ልንሄድ ወስነናል።

ባለቤቴ "ዘንድሮ የትም አንሄድም፣ ያለን ሁሉ ለቲኬት ይቀመጥ" ይላል። ልጆቹ ደግሞ ድንኳን ተክለን እንድናድር ከአምና ጀምሮ ይለምኑኛል። አንድ ሙሉ በጋ ቤት ዘግቼባቸው እንዲያልፍ አልፈልግም። ሁለቱንም አስማምቶ የሄደ ሰው አለ? ወረቀቱና ክትባቱስ ከየት ይጀመራል? የሐምሌ ዝናብም ያሳስበኛል።

መልስ (የሦስት ልጆች አባት፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ ከፓስፖርቱ ጀምሪ። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሁለታችሁም ልጁን ይዛችሁ መቅረብ አለባችሁ። አንዳችሁ ካልቻላችሁ በኖታሪ (በሰነድ አረጋጋጭ) የተረጋገጠ የፈቃድ ፎርም ያስፈልጋል። የልጅ ፓስፖርት የሚያገለግለው 5 ዓመት ብቻ ነው። ትልቁ ሕፃን ሳለ ያወጣችሁለት ካለ ጊዜው አልፏል ማለት ነው።

ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም፤ ልጆቹ የሚገቡት በአሜሪካ ፓስፖርታቸው ነው። ወይ ቪዛ ኦንላይን ታወጣላችሁ፣ ወይ ደግሞ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለውን። ቢጫ ካርድ ያለው ሰው ቪዛ አያስፈልገውም። እየተመላለሳችሁ የምትሄዱ ከሆነ እሱ ያዋጣል። ለአንዴ ከሆነ ግን እኔ ቪዛውን እመርጣለሁ፤ ጣጣው ያንሳል።

በእኛ የደረሰውን ልንገርሽ። ባለፈው ጉዟችን ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ቀድማ ሄደች፤ እኔ ሥራ ነበረብኝ። ሻንጣ ማስረከቢያው ላይ "የአባታቸው ፈቃድ የታለ?" ተባለች። ደብዳቤ አላዘጋጀንም ነበር። ከሥራ ቦታ በስልክ ስጨቃጨቅ በረራው ሊያመልጣቸው ለጥቂት ነው የተረፉት። አንዳችሁ ብቻችሁን ከልጆቹ ጋር የምትበሩ ከሆነ ደብዳቤውን በኖታሪ አስፈርማችሁ ያዙ።

ከዋሽንግተኑ ዳለስ አየር ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፣ ሲሄድ 13 ሰዓት ገደማ ነው። ሲመለስ ግን ነዳጅ ለመቅዳት መንገድ ላይ ያርፋል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች አውሮፕላኑ ብዙ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ይከብደዋል። ለመመለሻው ቀን ልጆቹን በደንብ አስተኟቸው።

መልስ (ነርስ ነኝ)

አንድ ነገር አደራ። የእኛ ሰው "አገሬ ነው፣ ወባ እኔን አይነካኝም" ይላል። ወባ ደጋግሞት ያደገ ሰው ሰውነቱ የለመደው መከላከያ ከአገር ርቆ ሲኖር ይዳከማል። እዚህ የተወለዱ ልጆች ደግሞ ጭራሽ የላቸውም። ከአዲስ አበባ ካልወጣችሁ ኪኒን አያስፈልግም። ወደ ሐዋሳ ወይም አርባ ምንጭ ለሁለት ቀንም ቢሆን ከወረዳችሁ ግን ያስፈልጋል። መጠኑ በልጁ ኪሎ ነው የሚታዘዘው፤ ከተመለሳችሁ በኋላም መጨረስ አለባችሁ።

ለክትባት ከጉዞው ስድስት ሳምንት በፊት ሐኪም ጋ ቅረቡ። የታይፎይድና የጉበት ቫይረስ ኤ ክትባት ጠይቁ። ከተመለሳችሁ በኋላ ልጅ ካተኮሰው "ኢትዮጵያ ነበርን" ብለሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። እዚህ ያለ ሐኪም ወባን ቶሎ አያስብም።

መልስ (ቅዳሜ ቅዳሜ ተራራ የምወጣ)

ይህን ለባለቤትሽ አሳዪው። የአራተኛ ክፍል ተማሪ ወደ ብሔራዊ ፓርኮች በነፃ ይገባል፤ አብሮት መኪና ውስጥ ያለው ቤተሰብም እንዲሁ። የልጅሽ ተራ እስከ ኦገስት 31 ነው፣ ከዚያ አይገኝም። የነፃ መግቢያ ወረቀቱን ኦንላይን ሞልታችሁ ፕሪንት አድርጉት። ያለዚያ እዚህ ቨርጂኒያ ያለው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ለአንድ መኪና 30 ዶላር ነው። የድንኳን ቦታው ለብቻው ይከፈላል።

ድንኳን አትግዙ፤ ለመጀመሪያው ጊዜ ከሰው ተዋሱ። እዚያው ፓርክ ውስጥ ያለው የድንኳን ቦታ ቢግ ሜዶውስ ጥሩ ነው፣ ሌሊቱ ግን በበጋም ይበርዳል። ድብ ስላለ ምግብ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ። ማታ ማታ የልጆቹን ብብትና ከጆሮ ጀርባ ለመዥገር ፈትሹ።

ደግሞ ይህ ለአዲስ አበባውም ይጠቅማችኋል። የሸናንዶዋ ትልቁ ተራራ ሆክስቢል 1,235 ሜትር ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ታልፋለች። እዚህ መውጣታችሁ ሳንባቸውን ለዚያ ከፍታ አያለማምደውም። እግራቸው ግን ይጠነክራል፣ ጫማቸውም ይለመዳል። "ደከመኝ" ያለ ልጅ እንዴት እንደሚታባበልም ታውቁበታላችሁ።

መልስ (ከአዲስ አበባ፣ ጉለሌ)

የኔ እናት፣ ዝናቡን አትፍሪው። ብዙ ጊዜ ጠዋት ብራ ይሆንና ከሰዓት በኋላ ነው የሚወርደው። መውጫችሁን ከቁርስ በኋላ አድርጉት። እንጦጦ ፓርክ ከእናትሽ ደጅ ነው። ግን 3,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት አትውጡ። ልጆቹ አያታቸው ጋ ይረፉ፣ ውኃ በደንብ ይጠጡ። ቀጥሎ መናገሻ ሱባ ደን ውሰዷቸው፤ ጉሬዛ ያያሉ። ከዚያ ለመራቅ ስታስቡ የመንገዱን ሁኔታ የዚያኑ ሳምንት እዚህ ያለ ዘመድ ጠይቁ። ወር ያለፈው ወሬ አይሠራም።

ቀኑን ስትመርጡ ጾሙንም አስቡት። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። እናትሽ ለልጅ ልጆቿ ዶሮ ሠርታ አብራቸው እንድትበላ ከፈለግሽ በዚያ መሃል ድረሱ። ከቻላችሁ ደግሞ እስከ ነሐሴ 13 ቆዩ። ኦገስት 19 ማለት ነው። ልጆችሽ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሆያ ሆዬ ይበሉ፣ ሙልሙል ይቀበሉ።

ጠያቂዋ

ጾሙን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር! ቡሄን ሳያዩ አይመለሱም፣ ከሐምሌ 13 እስከ ነሐሴ 14 አደረግነው። ጋሼ፣ የፓስፖርቱን ቀጠሮ ይዘናል፣ ሁለታችንም ፈቃድ ወስደናል።

ጠያቂዋ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ሄድን። ድንኳኑን ጎረቤት አዋሰን፣ መግቢያው በልጁ ወረቀት ነፃ ሆነ። ሆክስቢል ጫፍ ላይ ትንሿ ቁልቁል ሸለቆውን እያየች "የእማማ ቤትም እንደዚህ ከፍ ይላል?" አለችኝ። እጥፍ ያህል እንደሚሆን ስነግራት አላመነችኝም። አባቷ እዚያው ቆሞ ሽሮ ሜዳ ደወለላትና እናቴን ራሷን ጠየቀቻት።