በ5,000 ብር መኝታ ክፍሌን ቦሆ ማድረግ ፈልጌ ነበር፣ ከየት ልጀምር?

የጀሞዋ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ከጓደኛዬ ጋር ተጋርተን ነው ምንኖረው፣ አንዷ መኝታ ክፍል የኔ ናት፣ 3 በ3 ሜትር ገደማ ትሆናለች። ግድግዳው ነጭ፣ አምፖሉ ነጭ፣ መሬት ላይ 1.20 ፍራሽ፣ አንድ ሻንጣ፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበር፣ በቃ ይሄው ነው ያለኝ። ከስራ ደክሞኝ ስመለስ እዛ ክፍል መግባት ራሱ ይከብደኛል። ቦሄሚያን (በአጭሩ ቦሆ) ሚባለውን የቤት ማስዋቢያ ስታይል ፎቶ ላይ ካየሁት ጀምሮ ልቤ እዛ ነው፣ ጨርቁ የተደራረበ፣ ትራስ በየቦታው፣ ቅጠላቅጠል፣ ተንጠልጣይ የክር ስራ ምናምን ያለበት። አንድ የዲኮር ሱቅ ገብቼ ግድግዳ ላይ ሚሰቀለውን ክር ዋጋ ጠይቄ ደንግጬ ነው የወጣሁት። ያለኝ 5,000 ብር ነው እሱም በሦስት ወር ያጠራቀምኩት። አከራያችን ደሞ ሚስማር መምታትም ቀለም መቀባትም አይፈቅዱም። ምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

የሁለት ልጆች እናት
የኔ ቆንጆ መጀመሪያ አምፖሉን ቀይሪው። የምሬን ነው፣ ሌላ ነገር ሳትገዢ በፊት። ያ ነጭ መብራት ከስሩ የፈለግሽውን ብታነጥፊ ሁሉንም ያገረጣዋል። ኤልኢዲ ስትገዢ ካርቶኑ ላይ 2700 ወይ 3000 ኬልቪን ሚል አይተሽ ውሰጂ፣ ቢጫው እሱ ነው፣ 6500 ሚለው አሁን ያለሽ ነጩ ነው። ቀጥሎ ቅዳሜ ወይ እሁድ ቤተሰብ ጋ ሂጂና ቁም ሳጥን አስከፍቺ። እናትሽ የሰራችው ዳንቴል፣ ያረጀ ጋቢ፣ ጠርዙ የተበላ ሰፌድ፣ ጆሮው የተሰበረ ጀበና፣ ሁሉንም ሰብስቢ። እኔ እናቴ ለሶፋ የሰራችው ዳንቴል አስር አመት ፌስታል ውስጥ ተቀምጦ ነበር፣ አሁን መስኮቴ ላይ ነው፣ ጠዋት ፀሀይ ሲገባ ጥላው ግድግዳው ላይ ሲያርፍ እያየሁ ቡና እጠጣለሁ።

ክርና መርፌ
ለጨርቅ ሚሆን ርካሽ ነገር አቡጄዲ ነው እህቴ። 5 ወይ 6 ሜትር ግዢና በሻይ ቅጠል ንከሪው፣ ያ ፎቶ ላይ ምታዪው የክሬምና ቡናማ ቀለም ይመጣልሻል። ግን ዝም ብለሽ አትንከሪ፣ አዲስ አቡጄዲ ሲሸጥ ሙጫ ስላለው መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደህና አድርገሽ እጠቢው አለበለዚያ ቀለሙ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ይሆናል። ከዛ በትልቅ ድስት ውሃ ከብዙ ሻይ ቅጠል ጋር አፍልተሽ አጥልለሽ ጨርቁን እርጥቡን ጨምሪው፣ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ፣ በየመሀሉ አገላብጪው። ሲደርቅ ቀለሙ እየሳሳ ስለሚሄድ ከምትፈልጊው ትንሽ ጠቆር ሲል አውጪ። መጨረሻ ላይ አቼቶ ጠብ ባደረግሽበት ቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቂው፣ ከዛ በኋላ በረኪና እንዳይነካው። እርድም ደስ ሚል ቢጫ ይሰጣል ግን ፀሀይ ቶሎ ያስለቅቀዋል ስለዚ መስኮት ጋ ለሚውል አልመክርሽም፣ ለትራስ ይሁን።

ያስደነገጠሽን ክር ደሞ ራስሽ ስሪው፣ ማክራሜ ነው ሚባለው፣ ቋጠሮ ብቻ ነው። ከመርካቶ የጥጥ ገመድ በኪሎ ግዢ። ሂሳቡ እንዲህ ነው፣ የክሩ ርዝመት እንዲወርድ ከምትፈልጊው 4 እጥፍ፣ ለሁለት ታጥፎ ስለሚሰቀል ደሞ 8 እጥፍ። 60 ሳንቲሜትር እንዲወርድ ከፈለግሽ እያንዳንዱን 4.80 ሜትር ቁረጪ። እኔ መጀመሪያ ስሰራ ይሄን ስላላወቅኩ ግማሽ ላይ ክሩ አለቀብኝ፣ አንቺ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው።

አናጢ ነኝ
ሰላም እህት። ሚስማር ከተከለከልሽ ጨርቅና ማክራሜ ሚሰቀልበት ማቆሚያ ከአጣና መስራት ይበቃሻል። ደረቅ መሆኑን አይተሽ ግዢ፣ እርጥቡ ክፍል ውስጥ ሲደርቅ ይሰነጠቃል ይጣመማልም። አራቱን 1.80 ሜትር አስቆርጪ፣ አንዱን 1.50። አራቱን ሁለት ሁለት አድርገሽ አናታቸው ላይ አቆላልፈሽ በቃጫ ገመድ ጥፍር አድርገሽ እሰሪ፣ አምስተኛውን በላያቸው አጋድሚው፣ እግሮቹ እንዳይንሸራተቱ ከታች በኩልም በገመድ አያይዣቸው። ቅርፊቱን ልጠሽ በብርጭቆ ወረቀት መጀመሪያ በሻካራው ከዛ በለስላሳው ፈትጊው። በቃ ፍራሽሽ ራስጌ አቁመሽ ጨርቅ ታለብሺዋለሽ፣ ማክራሜ ትሰቅያለሽ፣ ቤት ስትቀይሪም ፈተሽ ይዘሽው ትሄጃለሽ።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኝ ነው፣ ፍራሹን መሬት ላይ አትተዪው። ከስሩ አየር ስለማይገባው የላብሽ እርጥበት እዛው ይቀርና ይሻግታል፣ ክረምት ላይ ገልብጠሽ ብታዪው ታገኚዋለሽ። ሁለት የእቃ መጫኛ ፓሌት ፈልጊ፣ 1 በ1.20 የሆነውን፣ ጎን ለጎን ሲሆኑ 1.20 በ2 ሜትር ይመጣል፣ ላንቺ ፍራሽ ልክ ነው። ጎኑ ላይ ማህተም አለው፣ «ኤች ቲ» (HT) ካለ በሙቀት የታከመ ነው ውሰጂው፣ «ኤም ቢ» (MB) ካለ በኬሚካል ጋዝ የታጠነ ነው፣ ለመኝታ ቤት አይሆንም ተዪው።

የሐረር ልጅ
እኔ ያደግኩት ግድግዳው ሙሉ ስፌትና ሳህን የተሰቀለበት ቤት ነው። የሐረሪ ቤት ገብታችሁ ምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ከመደቡ በላይ ባዶ ግድግዳ የለም፣ እያንዳንዱ ስፌት በሴቶቹ እጅ የተሰራ ነው። ስለዚ ቦሆ ሲባል ለኔ አዲስ ነገር አይደለም፣ የአያቴ ቤት ትዝ ይለኛል። ከአናጢው ሀሳብ ጋር ሚሄድ ነው፣ ሰፌድ ወይ ሞሰብ ክዳን ሦስትም አምስትም ከተለያየ ቦታ ሰብስቢ፣ መጠናቸው አንድ አይሁን፣ በሲባጎ አስረሽ ከአጣናው ላይ ዝቅና ከፍ አድርገሽ አንጠልጥያቸው። ትልቁን መሀል ላይ አታድርጊው፣ ወደ ጎን ይሁን።

ወ/ሮ ከሽሮ ሜዳ
ልጄ ሁሉም የነገሩሽ ጥሩ ነው፣ እኔ ግን ብዛት አልወድም። ክፍልሽ ጠባብ ናት። ሦስት ቀለም ምረጪና ከዛ አትውጪ፣ ለምሳሌ የሻዩ ቡናማ፣ የሸክላ ቀይ፣ አንድ ደሞ አረንጓዴ፣ እሱ ከቅጠሉ ይመጣል። ጥበብ ያለው ጨርቅ አንድ ቦታ ብቻ ይሁን፣ ሁለት ሦስት አይነት ጥለት አንድ ላይ ሲሆን እርስ በርሱ ይጣላል። አልጋ ላይ ጋቢ አንጥፊ፣ አራት እጥፍ ጥጥ ነው፣ ምን አልጋ ልብስ ይስተካከለዋል። አዲስ መግዛት አያስፈልግም፣ የለበሱት ይለሰልሳል። ጥበቡን ከፈለግሽ ወደኛ ሰፈር ስትመጪ ከቀሚስ የተረፈ ቁራጭ ጠይቂ፣ ሰፊዎቹ ጋ አይጠፋም፣ ለትራስ ይበቃል።

ነርስ ነኝ
ስለ ቦንዳና ያገለገለ እቃ ሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ማንም ሳይናገር እኔ ልናገር። ያገለገለ ትራስ በፍጹም አትግዢ፣ ጨርቁን ብቻ ግዢና ውስጡን አዲስ ሙዪው። ያገለገለ ጨርቅ ወይ ምንጣፍ ይዘሽ ከመጣሽ ክፍልሽ ሳይገባ በፌስታል ታስሮ በረንዳ ይቆይ፣ ሚታጠበውን 60 ዲግሪ በሆነ ሙቅ ውሃ እጠቢው፣ ትኋንም እንቁላሉም እዛ ላይ ይሞታል። የእንጨት ነገር ከሆነ ስንጥቁንና ሚስማሩ የገባበትን ቦታ በባትሪ እዪው። ትኋን አንዴ ከገባ ያጠራቀምሽው 5,000 ለመድሀኒት ነው ሚወጣው፣ እንቅልፍሽም ይሄዳል። ሻማ ምናምን ደሞ ያ ሁሉ ጨርቅ ስር አታብሪ።

የጀሞዋ (ጠያቂ)
እንዴት እንደማመሰግናችሁ አላውቅም፣ አንብቤ አንብቤ አልጠግብ አልኩ። እትዬ እርስዎ ስለ ቀለም ያሉኝን እንዳለ ነው ምወስደው፣ ጥለቱን አብዝቼ ልገዛ ነበር። ወንድሜ የፍራሹን ነገር ዛሬ ገልብጬ አየሁት፣ እንዳልከው በአንድ በኩል ጥቁር ጥቁር ብሏል። ልብሱን አንስቼ ፀሀይ ላይ አውጥቸዋለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ ቅጠሉ ነው፣ መስኮቴ ፊቱ ወደ ሌላው ብሎክ ስለሆነ ቀጥታ ፀሀይ አይገባም፣ ከዚህ በፊት የገዛኋት አበባ በወሯ ሞተችብኝ።

ችግኝ ወዳድ
የሞተችው በፀሀይ እጦት ላይሆን ይችላል እህቴ፣ ብዙ ሰው በውሃ ነው ሚገድለው። ማሰሮው ስሩ ቀዳዳ አለው? ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቺ፣ እርጥበት ከተሰማሽ አታጠጪ። ላንቺ ክፍል መኒ ፕላንትና ስኔክ ፕላንት ይሁን፣ ሁለቱም ጥላ ይችላሉ። መኒ ፕላንት መግዛት ራሱ አያስፈልግም፣ ጎረቤት ካለ አንድ ሀረግ ለምኚ፣ ከአንጓው ትንሽ ዝቅ ብለሽ ቁረጪ፣ አንጓው ውሃ ውስጥ እንዲሆን አድርገሽ ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጪው፣ ውሃውን በየሳምንቱ ቀይሪ፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ስር ይሰዳል። ሕፃን ወይ ድመት ካለ ግን ከፍ ይበል፣ ቅጠሉ ከተበላ አፍ ያቃጥላል።

ፎቶ ላይ ያለው ያ ደረቅ ላባ ሚመስለው ሳር ደሞ በውድ ነው ሚሸጠው። ከክረምት በኋላ ከከተማ ወጣ ስትዪ ሰንበሌጥ ቆርጠሽ ነይ፣ ጥላ ቦታ ገልብጠሽ አንጠልጥለሽ አድርቂው፣ እንዳይረግፍ የፀጉር ስፕሬይ ንፊበት። ያቺ ጆሮዋ የተሰበረ ጀበና ውስጥ ስትከቺው አይተሽ ትነግሪኛለሽ።

የጀሞዋ (ጠያቂ)
ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። አምፖሉ ተቀየረ፣ አቡጄዲው ሁለተኛው ዙር ላይ የፈለግኩት ቀለም መጣ፣ የመጀመሪያውን ቸኩዬ ሳላጥበው ነክሬው ተዥጎረጎረ፣ እሱን ትራስ አደረግኩት። ፓሌቱን አንድ የህንፃ ስራ ጋ ጠይቄ ሁለቱን በነፃ ሰጡኝ፣ ማህተሙም «ኤች ቲ» ነው። ጋቢው የአባቴ ነው፣ ስጠይቀው ምንም ሳይል አጥፎ ሰጠኝ። እስካሁን 3,400 ብር ወጥቷል፣ ማክራሜው ግማሽ ላይ ነው። አከራያችን ኪራይ ሊቀበሉ መጥተው በር ላይ ቆመው አዩና «ሚስማር መተሻል እንዴ?» አሉኝ፣ ገብተው አጣናውን ዞረው አይተው አረጋገጡ። አሁን ሚያስቸግረኝ አጣናው ሰፌዶቹ ሲሰቀሉ በአንድ በኩል ትንሽ ይወዛወዛል።

አናጢ ነኝ
እንኳን ደስ አለሽ። ገመዱ ላልቶ ነው፣ ቃጫ ሲከርም ይላላል። ፍቺውና እንደገና አጥብቀሽ እሰሪው። ከባዱን ሰፌድ ደሞ ከመሀል ወደ እግሩ አስጠጊው።