ቁጥሩን የማላውቀውን የወራሽነት መዝገብ ከአዲስ አበባ ፍርድ ቤቶች እንዴት ማግኘት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አባታችን በጥር ወር 1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። እኔ በዚያን ጊዜ አሜሪካ ስለ ነበርኩ ከቀብራቸውም፣ ከዚያ በኋላ ከተደረገውም ነገር ሁሉ ርቄ ቆይቻለሁ። በአባት የምንገናኝ ታላላቅ ወንድሞቼ ፍርድ ቤት ቀርበው የወራሽነት ማስረጃ እንዳወጡ፣ በአራዳ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የአባታችን ቤትም በዚያ ማስረጃ ወደ እነርሱ ስም እንደ ዞረ የሰማሁት በቅርቡ ነው። በማስረጃው ውስጥ የእኔ ስም ይኑር አይኑር የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

ከወንድሞቼ ጋር ክፉ ቃል ከመነጋገሬ በፊት ፍርድ ቤቱ የጻፈውን በዓይኔ ማንበብ እፈልጋለሁ፤ በወሬ ተነሥቼ የሥጋ ዘመዶቼን መክሰስ አልሻም። ችግሩ የመዝገቡ ቁጥር የለኝም፤ የትኛው ፍርድ ቤት እንደ ሆነም አላውቅም። የአክስቴ ልጅ በእኔ ምትክ ወደ አንድ ምድብ ችሎት ሄዶ ሲጠይቅ «ቁጥር ካልያዝክ አንፈልግም፤ ለመሆኑ አንተ በመዝገቡ ምን አገባህ?» ተብሎ ተመለሰ። እዚህ በምኖርበት ግዛት ማንም ሰው የተከራካሪን ስም በኮምፒውተር አስገብቶ የመዝገብ ዝርዝር ማየት ስለሚችል፣ የሀገራችን አሠራር ምን እንደሚፈቅድና ከየት መጀመር እንደሚገባኝ የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁ ብዙ ነው።

መልስ፦ ጠበቃ ከልደታ

እህቴ፣ በአባትዎ ዕረፍት እግዚአብሔር ያጽናዎት። በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን ለይተው ይያዙልኝ፤ ችሎት ለሕዝብ ክፍት መሆኑ አንድ ነገር ሲሆን መዝገብ ቤት ለሁሉም ክፍት መሆኑ ሌላ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ለሕዝብ ግልጽ በሆነ ችሎት የመሰማት መብት እንዳለው ደንግጎ፣ ክርክሩ በዝግ የሚሰማው የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራልና የሀገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል ብቻ እንደ ሆነ ይናገራል፤ በፍትሐ ብሔር ጉዳይም የተለመደው ግልጽ ችሎት ነው። የተዘጋ መዝገብን አስወጥቶ ማገላበጥና ግልባጭ መውሰድ ግን በተግባር ለተከራካሪዎች፣ ለጠበቆቻቸውና ለወኪሎቻቸው የሚፈቀድ ነው። ከእነርሱ ውጭ የሆነ ሰው በጉዳዩ ያለውን ጥቅም በጽሑፍ አስረድቶ ማመልከት ይጠበቅበታል። ስለዚህ «ምን አገባህ» የሚለው ቃል ጨዋነት ቢጎድለውም ጥያቄው ራሱ መልስ የሚያሻው ነው። እርስዎ ደግሞ ከሁሉ የበረታ መልስ አለዎት፤ የሟች ልጅ ነዎት። ልጅነትዎን የሚያሳይ ሰነድ ከማመልከቻው ጋር ይያያዝ፤ የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለዎት የክርስትና ካርድ ወይም የአባትዎ ስም ያለበት የቆየ የትምህርት ማስረጃ ለመነሻ ያህል ይረዳል።

የትኛው ፍርድ ቤት ነው ለሚለው፣ ወሳኙ ከሰፈሩ ይልቅ ማመልከቻው የቀረበበት ዓመት ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 25/1988 ከተቋቋሙ በኋላ በአዲስ አበባ የወራሽነት ማስረጃ ይሰጥ የነበረው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። የአዲስ አበባ ከተማ ቻርተር፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 361/1995፣ በአንቀጽ 41 ይህን ሥልጣን ለከተማዋ ፍርድ ቤቶች ሰጠ። አባትዎ ያረፉት ለውጡ ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው በመሆኑ፣ ወንድሞችዎ ወዲያው አመልክተው ከሆነ መዝገቡ በፌዴራሉ፣ ዘግይተው ከሆነ በከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይፈለጋል። ቀኑ በትክክል ካልታወቀ ሁለቱም ዘንድ መጠየቅ ግድ ነው። ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር፤ ሟች ሙስሊም ከነበሩና ባለጉዳዮቹ ከተስማሙ፣ ውርሱ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 በተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ታይቶ ሊሆን ስለሚችል በሌሎቹ መዝገብ ቤቶች መባከን አያስፈልግም።

ጊዜውንም አይርሱ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 996 እና ተከታዮቹ የወራሽነት ምስክር ወረቀት እንዴት እንደሚሰጥና እንዴት እንደሚሰረዝ ይደነግጋሉ፤ ቁጥር 1000 ደግሞ የወራሽነት ጥያቄ ከሳሹ መብቱንና የውርሱ ንብረት በተከሳሹ እጅ መያዙን ካወቀ ጀምሮ በ3 ዓመት፣ በማናቸውም ሁኔታ ሟች ከሞተበት ወይም ከሳሹ በመብቱ ለመጠቀም ከቻለበት ቀን አንሥቶ በ15 ዓመት ይርጋ፣ ማለትም በክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ፣ እንደሚታገድ፣ ከዘር የወረደ የማይንቀሳቀስ ንብረትን በተለየ ዓይን እያየ፣ ይናገራል። የእርስዎ ጉዳይ በዚህ ስሌት የት ላይ እንደሚወድቅ መዝገቡ ሳይታይ ማንም ሊነግርዎ አይገባም፤ ነገር ግን ነገሩን የሰሙበትን ቀንና የሰሙበትን መንገድ ከዛሬ ጀምሮ በጽሑፍ ይያዙ።

መልስ፦ በመዝገብ ቤት የሠራሁ

ጠበቃው በተናገሩት ላይ ከመዝገብ ቤቱ በኩል የማውቀውን ልጨምር። ሰው ብዙ ጊዜ መዝገቡን የሚያጣው የሚፈልገው በሟች ስም ስለ ሆነ ነው። የወራሽነት ማመልከቻ የሚመዘገበው በአመልካቹ ስም ነው፤ ተጠሪ እንኳ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ የአባትዎን ስም ትተው የወንድሞችዎን ስም ከነአያታቸው ይዘው ይቅረቡ። ብዙ ወንድማማቾች አብረው ሲያመለክቱ ደብተሩ ላይ የሚገባው የመጀመሪያው ስም ሆኖ ሌሎቹ «እነ» በሚል ቃል ተጠቃልለው ይቀራሉና፣ የሁሉም ስም በየተራ ይፈለግ። እናታቸው በሕይወት ከነበሩ የእርሳቸውም ስም ይጨመር፤ ልጆቹ ገና አካለ መጠን ያልደረሱ ከነበሩ አመልካቿ ሞግዚት ሆነው የቀረቡት እናት ናቸው።

የፊደሉ ነገር ደግሞ ቀላል አይምሰልዎ። በኮምፒውተር ሲፈለግ «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ «ፀሐይ» እና «ጸሃይ»፣ «ሥላሴ» እና «ስላሴ» እንዲሁ። መዝገቡን የከፈተው ጸሐፊ በየትኛው ፊደል እንዳስገባው ስለማይታወቅ፣ ሊጻፍ የሚችልበትን መልክ ሁሉ በወረቀት ጽፋችሁ ለሠራተኛው ስጡት፤ በቃል የተነገረ ስም አንድ ጊዜ ተሞክሮ «የለም» ይባላል። በኮምፒውተር ያልገቡ የቆዩ መዝገቦች በእጅ በተጻፉ ትልልቅ ደብተሮች የተመዘገቡት በተከፈቱበት ቀን ቅደም ተከተል ስለ ሆነ፣ ዓመቱንና ወሩን በግምት እንኳ ማወቅ ሥራውን ከቀናት ወደ ሰዓታት ያሳጥረዋል። ከውጭ ሀገር የምትጽፉ ወገኖች ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር አድርጋችሁ ጻፉ፤ 2002 እና 1994 ተደበላልቀው ሰው በማይሆን ዓመት ደብተር ውስጥ ሲደክም አይቻለሁ።

መዝገቡ ከተገኘ ውሳኔውን ብቻ አስገልብጣችሁ እንዳትመለሱ አደራ እላለሁ። በወራሽነት ጉዳይ ውሳኔው ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ አመልካቾቹ ወራሽ መሆናቸው ተረጋግጧል ይልና «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» ብሎ ያበቃል። እውነተኛው ነገር ያለው ከእርሱ በፊት ባሉት ገጾች ነው። ማመልከቻው ማንን በወራሽነት እንደ ዘረዘረ፣ ምስክሮቹ ቃለ መሐላ ፈጽመው «ሟች ሌላ ልጅ የላቸውም» ብለው እንደ ሆነ ወይም የእርስዎን ስም ጠርተው እንደ ሆነ፣ ከቀበሌ የመጣ ደብዳቤ ካለ ምን እንደሚል፣ ይህ ሁሉ ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል። ሙሉው መዝገብ ይገልበጥልኝ ብላችሁ በግልጽ ጻፉ፤ ግልባጩ ላይ «ትክክለኛ ግልባጭ» የሚል ምልክት፣ የፍርድ ቤቱ ማኅተምና የኃላፊው ፊርማ መኖሩን ሳታዩ ከመስኮቱ አትራቁ። ክረምት ላይ ፍርድ ቤቶቹ ለዕረፍት ሲዘጉ የሚሠሩት ተረኛ ችሎቶች ስለ ሆኑ፣ የሚቻል ከሆነ ከጥቅምት በኋላ ያለውን ጊዜ ምረጡ።

መልስ፦ ይህን መንገድ ያለፍኩበት

እኔ የአያቴን መዝገብ ያገኘሁት በፍርድ ቤት በኩል አልነበረም። የወራሽነት ማስረጃ ለመሳቢያ ተብሎ አይወጣም፤ ባንክ ቤት ያለ ገንዘብ ለማውጣት፣ ቤት ስም ለማዞር ወይም ለመሸጥ ይቀርባል፤ የቀረበበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ ግልባጭ ከፋይሉ ጋር ያያይዛል። የእርስዎ አባት ቤት ስሙ ከዞረ፣ የክፍለ ከተማው የመሬት ይዞታ መሥሪያ ቤት ማኅደር ውስጥ ማስረጃው አለ፤ በማስረጃው ራስጌ ላይ ደግሞ የፍርድ ቤቱ ስም፣ የመዝገቡ ቁጥርና ውሳኔው የተሰጠበት ቀን ተጽፎ ይገኛል። እኔ ከዚያ ቁጥሩን ከቀዳሁ በኋላ ፍርድ ቤቱ ዘንድ የቀረኝ የግልባጭ ማመልከቻ ብቻ ነበር። ቤቱ ተሽጦ ከሆነ ደግሞ ውሉ የተመዘገበው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ስለሚሆን እዚያም ያው ግልባጭ ይኖራል።

መሥሪያ ቤቱ አላሳይም ቢል፣ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለ። ጥያቄው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው በጽሑፍ ይቀርባል፤ መልስ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ቢከለከል አቤቱታው ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል። አዋጁ የሦስተኛ ወገንን የግል መረጃ ስለሚጠብቅ፣ «የቤቱን ማኅደር አሳዩኝ» ከማለት «የሟች አባቴ ይዞታ ወደ ሌላ ስም የዞረበት የፍርድ ቤት ማስረጃ ቁጥርና ቀን ይነገረኝ» ማለት የተሻለ ነው። ጥያቄው ጠባብ በሆነ መጠን እምቢ ለማለት ያስቸግራል።

ሌላው መንገድ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ነው። ፍርድ ቤቱ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በጋዜጣ ጥሪ ይደረግ ብሎ አዝዞ ከሆነ፣ ማስታወቂያው የመዝገቡን ቁጥርና የቀጠሮውን ቀን ይዞ ወጥቷል። የቆዩ እትሞች በተለምዶ ወመዘክር በምንለው በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ገጽ በገጽ ማየትን ስለሚጠይቅ የመጨረሻ አማራጭ አድርጉት፤ ግን ጥሪ መውጣቱና አለመውጣቱ ራሱ ኋላ በክርክሩ ላይ ዋጋ ሊኖረው ይችላል።

ጠያቂዋ ከሜሪላንድ

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። በሟች ስም ማስፈለጋችን ስሕተት እንደ ነበር አሁን ተረዳሁ። ሁለት ነገሮች ቀርተውኛል። ለአክስቴ ልጅ የምልከው ውክልና ምን ምን ማለት አለበት? መዝገቡ ጠፍቷል ቢባልስ ምን ይደረጋል?

መልስ፦ ጠበቃ ከልደታ

ውክልናውን ዋሽንግተን በሚገኘው ኤምባሲያችን ያሠራሉ፤ ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ይመዘገባል። ጠቅላላ ውክልና እንዲያው ለአስተዳደር ሥራ እንጂ ለክስ አይበቃም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 ለመክሰስና ለመከራከር ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል። ስለዚህ መዝገብ ለማስፈለግ፣ ለመመልከትና ግልባጭ ለመውሰድ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማስረጃ ለመጠየቅ፣ ጠበቃ ለመወከል፣ ለመክሰስና ለመከራከር እያለ በየስሙ ይዘርዝር። የአክስትዎ ልጅ በዚህ ውክልና መዝገቡን ማስወጣት ይችላሉ፤ በችሎት ቆሞ መከራከርን በተመለከተ ግን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 58 ከጠበቃ ሌላ የሚፈቅደው እንደ ትዳር ጓደኛ፣ ወንድም፣ ልጅና አባት ላሉ የቅርብ ዘመዶች ስለ ሆነ፣ ለዚያ ጠበቃ ያስፈልጋል።

«ጠፍቷል» የሚል የቃል መልስ አይቀበሉ። ማመልከቻው ለሬጅስትራሩ፣ ማለትም ለመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ በጽሑፍ ይቅረብ፤ መልሱም በጽሑፍና በማኅተም ይሰጥ። ያ ደብዳቤ በእጅ ካለ ከይዞታ ማኅደሩ የተገኘው ግልባጭ የበለጠ ክብደት ያገኛል። ነገሩ ወደ ክስ ካመራ ደግሞ ሌላ በር አለ፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 145 መሠረት ጉዳዩን የያዘው ፍርድ ቤት በተከራካሪ ጥያቄ ወይም በራሱ አነሣሽነት ከሌላ ፍርድ ቤት ወይም መሥሪያ ቤት መዝገብ እንዲቀርብለት ማዘዝ ይችላል። ለባለጉዳይ «የለም» የተባለ መዝገብ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲፈለግ መገኘቱን በሥራዬ አይቻለሁ።

በመጀመሪያ ግን ወደ አራዳው የይዞታ መሥሪያ ቤት ይሂዱ። ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ግልባጩን ለጠበቃ ሳያሳዩ ለወንድሞችዎ ምንም ነገር በጽሑፍ አይላኩ፤ በመልእክት የሚጽፉት አንድ ዓረፍተ ነገር «ቀድማ ታውቅ ነበር» ለሚል የይርጋ መቃወሚያ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብብዎ ይችላል።