የአቮካዶ ፕሮቲን ጄል ላይ ባንድ አልሰጥ አለኝ

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ፣ ሐዋሳ
ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ እርዱኝ። የጥሬና የበሰለ አቮካዶን ፕሮቲን ጄል (ፕሮቲኖችን በመጠናቸው የሚለይ) ላይ ማወዳደር ፈልጌ ነበር። ፍሬውን ከገበያ ገዛሁ። 5 ግራም ሥጋውን በትሪስ ባፈር (ፒኤች የሚጠብቅ ፈሳሽ፤ 50 ሚሊሞላር፣ ፒኤች 7.5) ፈጨሁና በሴንትሪፊውጅ አሽከረከርኩት። ፈሳሹ ደፈረሰ፣ ብዙም ሳይቆይ ቡናማ ሆነ። በብራድፎርድ (ፕሮቲን በቀለም የሚለካበት ዘዴ) ስለካው ፕሮቲኑ ብዙ ነው አለኝ። ጄሉ ላይ ግን ባንድ (ጥርት ያለ የፕሮቲን መስመር) የለም፣ ከላይ እስከ ታች የተቀባ ጥላ ብቻ ነው ያለው። ሦስት ጊዜ ደግሜዋለሁ። ኬሚካሉም እያለቀብኝ ነው።

መልስ፦ የላብ ቴክኒሻን፣ አዳማ
አይዞሽ ልጄ፣ እጅሽ አይደለም ችግሩ፣ ፍሬው ነው። አቮካዶ ውኃና ዘይት እንጂ ፕሮቲን ብዙ የለውም፣ ከመቶ 2 እጅ ገደማ ነው። ስትፈጪው ፖሊፌኖሉና ኢንዛይሙ ይገናኛሉ፤ ቡናማ ያደረገው እሱ ነው። ያ ነገር ፕሮቲኑ ላይ ይጣበቅና ባንዱን ያበላሻል። የብራድፎርዱን ቁጥር አትመኚው። የደፈረሰና ቀለም ያለው ፈሳሽ በ595 ናኖሜትር ብርሃን ያግዳል፣ መሣሪያው ፕሮቲን ይመስለዋል። የብራድፎርዱን ቀለም ሳትጨምሪ ናሙናውን ብቻውን ለኪው፣ ታዪዋለሽ።

መልስ፦ የባዮኬሚስትሪ መምህር
አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የኢንዛይሙን ሥራ ነው የምትለኪው ወይስ ባንድ ብቻ ነው የምትፈልጊው?

ጠያቂዋ
ባንድ ብቻ ነው።

መልስ፦ የባዮኬሚስትሪ መምህር
እንግዲያው ቀላል ነው። (ኢንዛይሙ ቢያስፈልግሽ ኖሮ ይሄን አልመክርሽም ነበር፣ አሲዱ ይገድለዋል።) ሥጋውን በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዘሽ በረዶ እንደሆነ ፍጪው። 10 በመቶ ትሪክሎሮአሴቲክ አሲድ ያለበት ቀዝቃዛ አሴቶን ጨምሪበት፤ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ይደር። ከዚያ ዝቃጩን ነጭ እስኪሆን በቀዝቃዛ አሴቶን እጠቢው። አሴቶኑ ዘይቱንም ቀለሙንም ይዞት ይሄዳል። አሲዱን ግን ሙልጭ አድርጊው፣ ከቀረ ናሙናው ጄል ላይ ስታስገቢው ከናሙናው ጋር የሚጨመረው ሰማያዊ ቀለም ቢጫ ይሆንብሻል። ዝቃጩንም አታድርቂው፣ ድርቅ ካለ ተመልሶ አይሟሟም።

መልስ፦ ከሐዋሳ ሌላ ተማሪ
እኔ ማንጎ ላይ ስሠራ አሴቶኑ ብቻውን አልበቃኝም፣ ፔክቲኑ (የፍሬው አጣባቂ ነገር) አስቸገረኝ። ያዳነኝ ፌኖል ነው። ዝቃጩን በኤስዲኤስ (ፕሮቲን የሚያሟሟ ሳሙና መሰል ኬሚካል) እና 30 በመቶ ሱክሮስ ባለበት ባፈር አሟሟሁት፣ በፒኤች 8 የተስተካከለ ፌኖል ጨመርኩና አሽከረከርኩት። አደራ፣ ስኳሩ ውኃውን ስለሚያከብደው ፌኖሉ የሚንሳፈፈው ከላይ ነው። ፕሮቲኑ እዚያ ነው! እኔ በመጀመሪያው ቀን የላዩን ደፍቼ የታችኛውን ይዤ ቀረሁ። የላዩን ወስደሽ አሞኒየም አሴቴት ያለበት ቀዝቃዛ ሜታኖል አምስት እጥፍ ጨምሪበትና አሳድሪው።

መልስ፦ የላብ ቴክኒሻን፣ አዳማ
ፌኖል ከነካሽ ቆዳውን ያደነዝዘዋል፣ ሲያቃጥልሽ አይታወቅሽም። ጓንት አድርጊ፣ ጭስ መሳቢያው ስር ሥሪ። ደግሞ ገበያ የገዛሽው አቮካዶ መቼ እንደተለቀመ አታውቂም። አቮካዶ ዛፉ ላይ አይበስልም፣ ከተለቀመ በኋላ ነው የሚበስለው። ከአንድ ዛፍ አንድ ቀን አስለቅሚ፣ ግማሹን ያን ቀን አቀዝቅዢ፣ ግማሹን አብስዪ። ያለዚያ የምታወዳድሪው ዛፍና ዛፍ ነው።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ይሄንን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። ፈሳሽ ናይትሮጅን ግን የለንም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከሐዋሳ ሌላ ተማሪ
የከብት ማዳቀል የሚሠሩት ይጠቀሙበታል፣ ጠይቂያቸው። በባጃጅ ስታመጪ ክዳኑን ጥብቅ አድርገሽ እንዳትዘጊው፣ ጋዙ መውጫ ካጣ ይፈነዳል። ካጣሽ ሙቀጫውን ፍሪዘር ውስጥ አሳድሪና በአሴቶኑ ውስጥ ፍጪው። እንደ ናይትሮጅኑ ባይሆንም ይሠራል።

ጠያቂዋ
ዛሬ ዝቃጩ ነጭ ወጣልኝ! ብራድፎርዱን አሁን ልለካ?

መልስ፦ የባዮኬሚስትሪ መምህር
በኤስዲኤስ ካሟሟሽው አትለኪ፣ ኤስዲኤስ ብራድፎርድን ያዛባል። ትንሹን ቆርሰሽ በዩሪያ አሟሚና እሱን ለኪ። የማወዳደሪያ አልቡሚኑንም (መጠኑ የታወቀውን ፕሮቲን) በዚያው ዩሪያ አዘጋጂው።