ከቻይና የመጣች የኤሌክትሪክ መኪና ባሕር ዳር ላይ ቻርጅ ለማድረግ የትኛውን ዕቃ ልግዛ?

ጣና ዳር (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ለቻይና ገበያ የተሠራች ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ አዲስ አበባ ገዝቼ ባሕር ዳር አስገብቻለሁ። ባትሪዋ 60 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አብሯት የመጣው ቻርጀር ስፒናው ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው የቻይና ነው፣ የቤቴ ሶኬት ደግሞ ባለ ሁለት ክብ ቀዳዳ። ዕቃ ሻጩ አራት ነገር አንድ ላይ ውሰጂ ይለኛል፦ ታይፕ 2ን (የአውሮፓውን የቻርጅ ጫፍ) ወደ ጂቢቲ (ወደ ቻይናው ጫፍ) የሚቀይር አዳፕተር፣ ባለ 32 አምፔር ተንቀሳቃሽ ቻርጀር፣ ሲሲኤስ 2ን (የአውሮፓውን የፈጣን ቻርጅ ጫፍ) ወደ ጂቢቲ የሚቀይር የፈጣን ቻርጅ አዳፕተር፣ እና ከመኪናው መብራት የሚያወጣ ቪቱኤል የሚሉት ገመድ። የምኖረው ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው። ቤተሰብ ለመጠየቅ አልፎ አልፎ ጎንደር እሄዳለሁ። ከእነዚህ የቱ ነው የግድ የሚያስፈልገኝ?

ፋሲሎ
እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። መጀመሪያ መኪናዋ ላይ ያለውን ማስገቢያ በደንብ እዪው። ሁለት የተለያዩ ክብ ማስገቢያዎች ካሉ፣ አንዱ 7 ሌላው 9 ቀዳዳ ከሆነ፣ ጂቢቲ ነው። ባለ 7ቱ ለቤት መብራት ነው፣ ባለ 9ኙ ለፈጣን ቻርጅ። ታይፕ 2ም 7 ስለሆነ ሰው ያምታታዋል። መለያው ይሄ ነው፦ ጂቢቲ ከሆነ ፒኖቹ ገመዱ ጫፍ ላይ ናቸው፣ መኪናዋ ላይ ያለው ቀዳዳ ነው። ታይፕ 2 ተገላቢጦሹ ነው።

ስለዚህ ጫፉ ጂቢቲ የሆነ ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ካለሽ ለቤት ምንም የታይፕ 2 አዳፕተር አያስፈልግሽም። የሚጠቅምሽ የታይፕ 2 ገመድ ያለበት ሆቴል ወይም መሥሪያ ቤት ከገጠመሽ ብቻ ነው። ዕቃው ቀላል ነው፣ ውስጡ ሽቦና ፒን እንጂ ሌላ ብዙ ነገር የለውም። ከገዛሽ 32 አምፔር የሚችል መሆኑን ላዩ ላይ አንብቢ፣ ሲሰካም የማይወዛወዝ ይሁን።

የቻይናውን ስፒና በዚያች ለስልክ በምንጠቀምባት የጉዞ አዳፕተር እንዳትሰኪው! አብዛኞቹ የምድር መስመር አያስተላልፉም፣ ይህን ያህል ኃይልም አይችሉም። ይቀልጣሉ።

ኤሌክትሪሺያን፣ አባይ ማዶ
ልጄ፣ አዳፕተሩ ይቆየንና መጀመሪያ ግድግዳውን እንይ። ባለ 16 አምፔር ቻርጀር በ220 ቮልት 3.5 ኪሎዋት ይስባል። የእንጀራ ምጣድ ያህል ማለት ነው። ግን ምጣድ ጋግረሽ ስትጨርሺ ይነቀላል፣ መኪና ሌሊቱን ሙሉ ይስባል። ለዚህ ከቆጣሪው ብቻውን የወጣ መስመር ያስፈልጋል፦ 2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) የመዳብ ሽቦ፣ 20 አምፔር ብሬከር፣ እና መብራት ሲያፈስ የሚያጠፋው፣ አርሲዲ የሚባለው ባለ 30 ሚሊአምፔር መከላከያ። ሽቦው ረጅም መንገድ የሚሄድ ከሆነ 4 ካሬ ይሁን።

32 አምፔር ከሆነ 6 ካሬ ሽቦና 40 አምፔር ብሬከር ነው፣ ስፒናውም ትልቁ ሰማያዊ የኢንዱስትሪ ዓይነት። በተራ ሶኬት ፈጽሞ አይሞከርም። አንድ ቆጣሪ ለሦስት አራት ተከራይ በሚጋራበት ግቢ ደግሞ ጎረቤት ምጣድ እንደጣደ ብሬከሩ ይወርዳል። የእኔ ምክር 8፣ 10፣ 13፣ 16 እያልሽ የምትቀንሺው፣ ስፒናው ከፋብሪካው ክብ ሆኖ የመጣ ባለ 16 አምፔር ቻርጀር ግዢ ነው። ከ20 ወደ 80 ፐርሰንት ለመሙላት በ16 አምፔር ከ11 እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል። ማታ ሰክተሽ ጠዋት ትነሻለሽ። የራስሽን ቤት ስትሠሪ 32ቱን ታስቢበታለሽ።

ጣና ዳር
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የጎረቤትን ቻርጀር ሞክሬ ነበር፣ ቀይ መብራት እያበራ እንቢ አለ። አንድ ልጅ መጥቶ «ግራውንድ ስለሌለው ነው፣ ሶኬቱ ውስጥ ከኒውትራሉ ጋር እናገናኘውና ይሠራል» አለኝ። ላሠራው?

ኤሌክትሪሺያን፣ አባይ ማዶ
በፍጹም! እንዲህ ያለ ነገር እንዳታሠሪ። ቻርጀሩ እንቢ ያለው ሥራውን ስለሠራ ነው። ምድር መስመር የለም ብሎ እየነገረሽ ነው። ልጁ እንዳለው ከተደረገ ቀዩ መብራት ይጠፋል፣ መኪናዋም ቻርጅ ታደርጋለች። ግን ኒውትራሉ አንድ ቀን ምሰሶው ላይ ወይም ቆጣሪው ጋ ቢላቀቅ የመኪናዋ አካል ሁሉ መብራት ይይዛል። በዝናብ በባዶ እግሩ በሩን የነካ ልጅ አይተርፍም።

መፍትሔው የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ አስቀብሮ ምድር መስመሩን እስከ ሶኬቱ መሳብ ነው። ሲያልቅ በመሣሪያ ይለካ። መሬት ሲደርቅ የዘንጉ ብቃት ስለሚቀንስ በሚያዝያ ድጋሚ ቢለካ ጥሩ ነው። በክረምት ብቻ ተለክቶ «ደህና ነው» መባሉ አይበቃም። አከራይሽን አስፈቅጂ፤ ለግቢው ሰው ሁሉ የሚጠቅም ሥራ ስለሆነ ወጪውን ቢጋሩሽ አይደንቅም።

ጎንደሬ
እህት፣ መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሙሉ ቻርጅ አድርገሽ ከወጣሽ ትደርሻለሽ። አዲስ ዘመንን ካለፍሽ ዳገቱ ባትሪ ይበላል፣ ስትመለሺ ደግሞ ቁልቁለቱ ከፊሉን ይመልስልሻል። ዋናው ነገር ቤተሰብ ቤት ያለው ሶኬት ነው። ከመሄድሽ በፊት በኤሌክትሪሺያን አስፈትሺው። ቤቱ የቆየ ከሆነ በ8 አምፔር ብቻ ሰኪ። በ10 ሰዓት 15 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስገባል፣ እሱም 90 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያስኬዳል። ከቀረሽ ባትሪ ጋር ደምሪውና ለመመለስ ካልበቃ አንድ ሌሊት ጨምሪ።

ከሰካሽ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስፒናውን በእጅሽ ያዢው። ሞቅ ማለት ያለ ነው። ለመያዝ ካቃጠለሽ ወይም ሶኬቱ ዳር ቡናማ ነገር ካየሽ ወዲያው አቁሚ። ኤክስቴንሽን ግድ ከሆነ ወፍራም፣ ምድር መስመር ያለው ይሁን፣ ጥቅልሉንም እስከ መጨረሻው ፍቺው። ተጠቅልሎ ከተተወ ይግላል።

ሽምብጥ
ስለ ቀሩት ሁለት ዕቃዎች ልበል። የፈጣን ቻርጅ አዳፕተሩ እንደ ታይፕ 2ቱ ሽቦ ብቻ አይደለም። ጂቢቲና ሲሲኤስ ከመኪናው ጋር የሚነጋገሩበት መንገድ ስለሚለያይ አዳፕተሩ ውስጥ የሚያስተረጉም ኤሌክትሮኒክስ አለ። ብዙዎቹ የራሳቸው ትንሽ ባትሪ አላቸው፣ ሶፍትዌራቸውም መታደስ አለበት። ውድ ነው። መጀመሪያ የምትጠቀሚበት ጣቢያ ደውለሽ ጫፉ ምን እንደሆነ ጠይቂ። ጂቢቲ ካለው አዳፕተሩ ምን ያደርግልሻል? ከገዛሽም በመኪናሽ ሞዴል ተሞክሮ ካየሽ በኋላ ብቻ ክፈይ።

ቪቱኤሉን ግን እኔ እወደዋለሁ። መብራት ሲሄድ ፍሪጅና አምፖል ያሠራል። ለመኪናሽ ሞዴል የሚሆነውን ጠይቀሽ ውሰጂ። ዕቃዎቹን በቀጥታ እሱ ላይ ሰኪ እንጂ የቤቱን ሶኬት በሁለት ወገን ስፒና ባለው ገመድ እንዳትመግቢ። መብራቱ ወደ መስመር ወጥቶ ምሰሶ ላይ የሚሠራ ሰው ይገድላል።

ሌላው፣ የባሕር ዳር ክረምት ቀልድ የለውም። የቻርጀሩን ሳጥን ሚስማር ላይ ስቀዪው፣ መሬት ላይ አይተኛ፣ ክብደቱም ሶኬቱ ላይ አይንጠልጠል። አቧራና ውሃ መከላከሉን የሚያሳይ አይፒ 65 ወይም 67 የሚል ጽሑፍ ሳጥኑ ላይ ፈልጊ። እሱ ግን ለሳጥኑ ነው፤ ስፒናውና ሶኬቱ ጣሪያ ሥር መሆን አለባቸው።

ጣና ዳር
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲህ ባለ 16 አምፔሩን ቻርጀርና ቪቱኤሉን ልወስድ ነው፣ ሌላውን ትቼዋለሁ። ጋሼ፣ ማታ በስንት ሰዓት ልሰካው?

ኤሌክትሪሺያን፣ አባይ ማዶ
ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ይሻላል። አመሻሹ ላይ ሰው ሁሉ ስለሚያበስል ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ቻርጀሩም ሊቆራርጥ ይችላል። መኪናዋ ላይ ቻርጅ የሚጀምርበትን ሰዓት መሙያ አለ፣ እሱን ተጠቀሚ። ቻርጀሩን ከመግዛትሽ በፊት ግን ቆጣሪው ላይ የተጻፈውን አምፔርና የብሬከር ሳጥኑን ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊልን፣ እናየዋለን።